ስም ቀይሮ መተርጎም ዳግም መሥራት አይደለም

ለክቡር አዘጋጅ፣

የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ሥራዎች በሌሎች አገሮች እንዴት እንደሚታዩና ዳግም እንደሚሠሩ በመዝናኛ ገጻችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢዎቻችሁ አይተውታልና ዝርዝሩን አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በመካከሉ ያለ አንድ አባባል ነው፦ ሥራውን የሚገዛው አገር ስክሪፕቱን ወስዶ የገጸ ባሕርያቱን ስም ይቀይራል፣ በራሱ ቋንቋ ይተረጉማል፤ ቱርኮች ደግሞ ማስታወቂያ ለማብዛት ይለጥጡታል። በዚህ አንድ መስመር የጸሐፊውን፣ የአርታኢውን፣ የተርጓሚውንና የድምፅ ተዋናዩን ሥራ ከምንም ሳትቆጥሩ አለፋችሁት።

ራሳችሁ ባነሣችሁት ምሳሌ ልጀምር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። «ዶክተር ፎስተር» የተባለው የእንግሊዝ ድራማ በቢቢሲ ዋን በ2015 ታየ፤ ሁለተኛው ምዕራፍ በ2017 ወጣ። እያንዳንዱ ምዕራፍ 5 ክፍል ነው፣ ክፍሉም ያለ ማስታወቂያ አንድ ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ሁለቱ ምዕራፎች ተደምረው 10 ሰዓት ያህል መሆናቸው ነው። ኮሪያውያን ዳግም ሠርተው በ2020 በጄቲቢሲ ያሳዩት ሁለቱንም ምዕራፎች በአንድ ተከታታይ 16 ክፍል አድርገው ነው፤ የመጨረሻው ክፍል 28.4 በመቶ ተመልካች አግኝቶ በአገሪቱ የኬብል ድራማ ታሪክ ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት ካናል ዲ የጀመረው የዚሁ ድራማ የቱርክ ቅጂ «ሳዳካትሲዝ» 60 ክፍል ሲሆን አንዱ ክፍል ከ2 ሰዓት በላይ ነው። ከ120 ሰዓት ይበልጣል ማለት ነው። 10 ሰዓት የሚሆን ስክሪፕት ተተርጉሞ 120 ሰዓት አይሞላም። የቀረውን 110 ሰዓት የጻፈው ማን ነው? ዘገባችሁ ይህን ሳይጠይቅ «ለጠጡት» ብሎ ማለፉ ንቀት ነው።

የማስታወቂያው ነገር ውሸት ነው አልልም። የቱርክ ጣቢያዎች በሳምንት አንድ ምሽት ለአንድ ድራማ ይለቅቃሉ፣ ገቢያቸውም ከዚያው ምሽት ማስታወቂያ ነው። ነገር ግን ይህ ለጸሐፊው ምን ዓይነት ሥራ እንደሚያመጣበት አላያችሁም። በእንግሊዝ አምስቱም ክፍሎች ተጽፈው፣ ተቀርጸውና ተቆርጠው ካለቁ በኋላ ነው የመጀመሪያው ክፍል የሚታየው። በቱርክ ያለፈው ሳምንት ክፍል እየታየ የሚቀጥለው ይጻፋል፣ ይቀረጻልም። በየሳምንቱ አንድ ሙሉ የሲኒማ ፊልም ከነርዝመቱ እንደ ማስረከብ ነው። የእንግሊዙ ታሪክ ደግሞ ቶሎ የሚያልቅ ታሪክ ነው፦ ሚስት በባሏ ሻርፕ ላይ የሌላ ሴት ፀጉር ታገኛለች፣ ትከታተላለች፣ በአምስተኛው ክፍል በእራት ገበታ ላይ በሴቲቱ ወላጆች ፊት ሁሉን ታፈርጠዋለች። ይህ ለ60 ሳምንት የሚበቃ ስንቅ አይደለም። ምስጢሩ ቶሎ ከወጣ ተከታዮቹ ሳምንታት ባዶ ይቀራሉ፣ አለመጠን ከዘገየ ደግሞ ተመልካቹ ሴትዮዋን «ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት አልነቃችም» ብሎ ይንቃታል። ስለዚህ ጎረቤቱ፣ ባልደረባው፣ የወጣቷ ሴት ወላጆች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ታሪክ፣ የራሳቸው ምስጢርና የራሳቸው መጋጫ ሊኖራቸው ግድ ነው። በእንግሊዙ ሥራ በጥቂት ትዕይንት ታይቶ የሚያልፍ ሰው በቱርኩ ወራት የሚዘልቅ ሕይወት ይፈለግለታል። የለጠጠ ሰው እንዲህ አይሠራም። ይህ እንደ አዲስ መጻፍ ነው።

ስም መቀየሩንም ቀላል አድርጋችሁታል። የእንግሊዙ ድራማ ባለታሪክ ጌማ ፎስተር የሠፈር ሐኪም ናት። በእንግሊዝ ሰው ሁሉ በሚኖርበት አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ይመዘገባል፣ ሆስፒታል ከመሄዱ በፊት እዚያው ይታያል። በትንሽ ከተማ ያለች ሐኪም የከተማውን ሰው ገመና ሁሉ የምታውቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ታካሚዋን ባሏን እንድትከታተልላት ለመጠየቅ የምትችለውም ለዚሁ ነው። የታሪኩ ሞተር ይህ አሠራር ነው። በኮሪያ ታካሚ ወደፈለገው ሐኪም ስለሚሄድ ጸሐፊዎቹ ሴትዮዋን ሆስፒታል ውስጥ አስገቧት፤ ሥልጣኗም፣ ጠላቶቿም፣ የምታጣውም ነገር አብሮ ተቀየረ። በቱርክ ደግሞ መጠጥና ሲጋራ በቴሌቪዥን ምስል ላይ በብዥታ ይሸፈናል። የእንግሊዟ ጌማ ብስጭቷን በወይን ጠጅ ብርጭቆ ታሳያለች፤ ብርጭቆው በብዥታ ሲሸፈን ትዕይንቱ ዓይን ይረብሻል እንጂ ስሜት አይሰጥም። ስለዚህ ያንን ብስጭት የሚሸከም ሌላ ድርጊት ይፈለጋል። እነዚህን ሁሉ «ስም ቀይሮ» በሚል ሐረግ መሸፈን ለአንባቢ ሐሰት መንገር ነው።

ትርጉም ብቻ ይበቃል የሚለውን የሚያፈርሰው ትልቁ ማስረጃ ደግሞ ከራሳቸው ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ዘንድ ነው። ኤንቢሲ በ2003 «ካፕሊንግ» የተባለውን የቢቢሲ ኮሜዲ ወደ አሜሪካ ወሰደ። ቋንቋው አንድ ነው፣ የሚተረጎም ነገር የለም፣ የእንግሊዙንም ስክሪፕት ይዘው ነው የተነሡት። 10 ክፍል ተቀርጾ 4ቱ ብቻ ከታዩ በኋላ ተሰረዘ። ከምክንያቶቹ አንዱ ተራ ሒሳብ ነው፦ የቢቢሲው የግማሽ ሰዓት ኮሜዲ 29 ደቂቃ ያህል ይሄዳል፣ የአሜሪካው ማስታወቂያው ተቀንሶለት 22 ደቂቃ አይሞላም። ለ29 ደቂቃ የተሰናዳ ቀልድ 7 ደቂቃ ሲቆረጥለት መጀመሪያ የሚወጣው ለቀልዱ መደላድል የሚሆነው ንግግር ነው፤ ከዚያ ቀልዱ ያለ መነሻ ይመጣል፣ ማንም አይስቅም። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ እጅጌው ስለተቆረጠ ብቻ ልክ አይሆንም።

ስለ አንድ መሥሪያ ቤት አለቃና ሠራተኞቹ የሚያሳየው ኮሜዲ «ዘ ኦፊስ»ም እንዲሁ ይመሰክራል። የእንግሊዙ በ2001 በቢቢሲ ቱ ጀምሮ በ12 ክፍልና በሁለት የገና ልዩ ክፍሎች አበቃ። የአሜሪካው በመጋቢት 2005 ሲጀምር የመጀመሪያው ክፍል የእንግሊዙን ስክሪፕት መስመር በመስመር ማለት ይቻላል ተከተለ። ሥራው የራሱን እግር ያገኘው ከዚያ ሲላቀቅ ነው፤ በተለይ ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ የአሜሪካውን ያዘጋጀው ግሬግ ዳንኤልስና ባልደረቦቹ አለቃውን ጥቂት ሰብአዊ፣ በሽያጭ ሥራውም ብቁ አደረጉት። የማይወደድ አለቃን ለ12 ክፍል መታገሥ ይቻላል፣ ለዓመታት ግን ማንም አይችልም። እስከ 2013 ድረስ 201 ክፍል ሄደ። የተከተለው ወደቀ፣ ያስተካከለው ቆመ። ዘጋቢያችሁ ይህን ለማወቅ ቱርክኛም ኮሪያኛም ማወቅ አያስፈልገውም ነበር።

ምናልባት ያሳሳታችሁ የጥያቄና መልስ ውድድሮችን ከድራማ ጋር መቀላቀላችሁ ነው። ሴላዶር የተባለው የእንግሊዝ አዘጋጅ ድርጅት በ1998 በአይቲቪ የጀመረው «ማን ሚሊየነር መሆን ይፈልጋል» በእርግጥም እንዳለ የሚሸጥ ዕቃ ነው። 15 ጥያቄ፣ ሦስት የእርዳታ ዕድሎች፣ የወንበሩ አቀማመጥ፣ ከላይ የሚወርደው መብራት፣ ጥያቄው በከበደ ቁጥር በግማሽ ድምፅ ከፍ የሚለው ሙዚቃ ሁሉ ባይብል በሚባለው መመሪያ ላይ ሰፍረዋል፤ ገዢው ከዚያ እንዳይወጣ ባለቤቱ ይቆጣጠራል። በ2000 አሚታብ ባችቻን በሕንድ፣ ጆርጅ ቆርዳሂ በኤምቢሲ በዓረብኛ ሲያቀርቡት ድምፁን ዘግቶ የሚያይ ሰው እንኳ ዝግጅቱን ይለየዋል። ድራማ ግን በዚህ መንገድ አይሸጥም። የሚሸጠው የታሪኩ መነሻና ዋና ዋና መታጠፊያዎቹ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ የገዢው አገር ባለሙያዎች ላብ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ በዘገባችሁ አንድም ቃል ስላልተነገረልን ስለ እኛ ድራማ ወደ አማርኛ ስለምንመልስ ሰዎች። ቃና በ2016 ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ በየቤቱ ገብቷል። እናንተ ግን ሰንሰለቱን ኢስታንቡል ላይ ቆርጣችሁ አቆማችሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን ልንገራችሁ።

ከ2 ሰዓት በላይ የሚሄደው የቱርክ ክፍል ለውጭ ገበያ 45 ደቂቃ ገደማ ወደሆኑ ክፍሎች ይቆራረጣል። ደራሲው ለክፍሉ መጨረሻ ያዘጋጀው ልብ አንጠልጣይ ትዕይንት አንዱ ጋ ብቻ ስለሚውል ሌሎቹ ክፍሎች በንግግር መካከል ይቋረጣሉ። አማርኛውን የሚያዘጋጅ ሰው ቀጣዩ ክፍል ከየት እንደሚነሣ አይቶ የተቋረጠውን ንግግር በሁለቱም በኩል ትርጉም እንዲሰጥ ማድረግ አለበት። ከምስሉ ጋር ሙዚቃውንና የድባቡን ድምፅ ለብቻው የያዘ ትራክ መምጣት ይኖርበታል። ካልመጣ ወይም ጎዶሎ ከሆነ የተዋናዩ ንግግር ሲወጣ የበሩ መዘጋት፣ የጫማው ኮቴ፣ ዝናቡ አብረው ይጠፋሉ፤ ሁሉም እንደገና በስቱዲዮ ይሠራል። ተዋናይዋ ፊቷ ሞልቶ ስትታይ ከንፈሯ የሚገጥምበት ቦታ ላይ ም፣ ብ ወይም ፕ ያለበት ቃል ካልወደቀ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ውሸት መሆኑ ይሰማዋል።

ከቱርክኛ ሲመለስ አንድ የሚያቀልል ነገር አለ፦ ግሡ እንደ አማርኛው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ የሚያስደነግጠው ቃልና የተዋናዩ የፊት ለውጥ አብረው ይወድቃሉ። ከእንግሊዝኛ ሲመለስ ግን ፊቱ ተቀይሮ አልቆ አማርኛው ገና ግሡ ላይ አልደረሰም። በአንጻሩ ቱርክኛ ስለ ሦስተኛ ሰው ሲናገር ጾታ አይለይም። ስለ ክህደት በሚያወራ ድራማ ውስጥ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሲነሣ ቱርክኛው ይሸፍነዋል፣ አማርኛው ግን ግሡ ራሱ ወንድ ወይም ሴት ብሎ ምስጢሩን ያወጣዋል። በብዙ ቁጥር ማለፍ፣ በአንቱታ መሸፈን ወይም አድራጊውን ትቶ ስለ ተደረገው ብቻ መናገር ያስፈልጋል፤ ያውም በዚያችው ሁለት ሰከንድ ውስጥ። በዘገባችሁ ቋንቋ ይህ ሁሉ «መተርጎም» የምትለዋ አንዲት ቃል ናት።

ሥራው በድምፅ ሳይመለስ በግርጌ ጽሑፍ ብቻ ሲቀርብም ችግሩ ሌላ ነው። ብዙ ጣቢያዎች የሚጠቀሙበት የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት የግርጌ ጽሑፍ ፋይል ለላቲን፣ ለሲሪሊክ፣ ለዓረብኛ፣ ለግሪክና ለዕብራይስጥ የፊደል ሠንጠረዥ አለው፤ ለእኛ ፊደል የለውም። ፊደላችን ከ1999 ጀምሮ የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በተመዘገቡበት በዩኒኮድ ውስጥ ቢኖርም በዚያ ፋይል ሲጫን የሚወጣው ባዶ ሳጥን ነው። ስለዚህ ጽሑፉ እንደ ምስል ተሠርቶ ይለጠፋል፣ ወይም ዩኒኮድ በሚቀበል ሌላ ቅርጽ ይላካል። በምስል ሲለጠፍ ጥቁር ጠርዝ ካልተደረገለት ለ፣ ሉ፣ ሊ የሚለዩበት ቀጭን መስመር በነጭ ልብስ ላይ ይጠፋል። ከሁለት መስመር ማለፍ አይቻልም፣ አንዱ ጽሑፍ ከ6 ሰከንድ በላይ አይቆይም። ማሳጠሩ በራሱ ሙያ ነው።

ስለ ስምም ልጨምር። ጀርመኖች በ2004 «ሽትሮምበርግ» የተባለውን ኮሜዲ ያለ ፈቃድ ሲጀምሩ ቢቢሲ በሕግ እንደሚጠይቅ ካስጠነቀቀ በኋላ በ«ዘ ኦፊስ» መነሻነት መሠራቱ በማሳረጊያው ጽሑፍ ላይ እንዲገባ ሆነ። እኛ ግን ክስ የምናቀርብበት አቅም የለንም፤ የማሳረጊያው ጽሑፍ ሲያልፍ ተርጓሚውም፣ የከንፈር አስተካካዩም፣ ብዙ ጊዜ የድምፅ ተዋናዩም ስማቸው አይወጣም። ጋዜጣም ሲዘነጋን በየትም አልተጻፍንም ማለት ነው። ለእንግሊዙ ደራሲ፣ ለቱርኳ ተዋናይት፣ ለኮሪያው ክብረ ወሰን ቦታ ነበራችሁ። በየምሽቱ አማርኛ ለሚሰማው ተመልካች ድምፅ ለሚሆኑት አንድ መስመር አጣችሁ?

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስክሪፕቱ ስሙ ተቀይሮ ይተረጎማል የሚለው አባባል በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይታረም፤ በገጹ ጥግ በጥቃቅን ፊደል አይሁን። ሁለተኛ፣ ስለ ውጭ ድራማ በምትጽፉበት ቀጣይ ዘገባ ዘጋቢያችሁ አንድ የዳቢንግ ስቱዲዮ ገብቶ አንድ ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲሠራ ይይ፤ የተርጓሚውን፣ የአስተካካዩንና የድምፅ ተዋናዮቹን ስም ጠይቆ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር
በዳቢንግና በግርጌ ጽሑፍ ሥራ ላይ ያለ አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ