ለወንድም ዓለም፣ ስለ ዳገትና ስለ ማርሽ

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ዓለም፤

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብስ እንዴት ነው? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ በመቆየቴ ይቅርታህን እለምናለሁ። ሌላውን ወሬ ስንገናኝ እናወጋዋለን፤ ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ ጭንቀት ነውና በቀጥታ ወደ እሱ ልግባ።

የብስክሌት ቡድናችንን በቅርቡ የተቀላቀለች አንዲት ልጅ አለች። ዳገት ትወዳለች፣ ወኔም አላት፤ የብስክሌቷ ቀላሉ ማርሽ ግን ከፊት 39፣ ከኋላ 25 ጥርስ ነው። ባለፈው ያንን ረጅሙን ዳገት ስንወጣ ከኋላዋ ነበርኩ፤ ፔዳሉ አልዞር እያላት፣ በረገጠች ቁጥር ትከሻዋ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተናጠ ወጣችው። ጫፍ ላይ እንደደረስን ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀመጠች። «ፔዳሉ እንዲቀልልሽ ከኋላ ተለቅ ያለ ጥርስ እናስገባልሽ» ስላት፣ አጠገባችን የነበሩት «የአሮጊት ማርሽ ልታስገጥም ነው!» ብለው ሳቁ። እሷም አብራቸው ሳቀች፤ ጥርሱን ግን አልፈልግም አለችኝ።

የሚቀጥለውን እንዴት እንደምጽፍልህ ብዙ አመንትቻለሁ። «የአሮጊት ማርሽ» የሚለውን ስም በመካከላችን ያመጣኸው አንተ ነህ። በክፋት እንዳላልከው ከእኔ የተሻለ ምስክር የለህም፤ እኔና አንተ ስንፎካከር የተወለደ ቃል ነው። ዛሬ ግን አንተን የማያውቁ ሰዎች ይሉታል፣ ሌላም ጨምረውበታል፦ ዳገት ላይ ወደ ኋላ የቀረውን ሁሉ «ሽባ» ይሉታል። ከአባሎቻችን አንዱ የወንድሙን ልጅ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ያሳደገ ሰው ነው፤ ቃሉ በተጠራ ቁጥር ፊቱን ወደ መንገዱ ሲያዞር አያለሁ። ይህ ያናድደኛል፣ ከመናደድም አልፎ ያሳዝነኛል።

እርግጥ ንቀቱ የቆየ ነው። የፈረንሳዩ ታላቅ የብስክሌት ውድድር የቱር ደ ፍራንስ መሥራች አንሪ ዴግራንዥ እ.ኤ.አ. በ1902 ማርሽ መቀያየር ዕድሜያቸው ከ45 ዓመት በላይ ለሆነ ሰዎች ብቻ እንደሚገባ ጽፎ ነበር፤ ውድድሩም ካምቢዮ፣ ማለትም ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረውን መሣሪያ፣ የፈቀደው በ1937 ነው። እስከዚያ ድረስ ግን እነዚያ ብርቱ ተወዳዳሪዎች ራሳቸው ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ወርደው፣ የኋላ ጎማቸውን ፈትተው በማገላበጥ በሌላው ጎን ያለውን ትልቅ ጥርስ ይጠቀሙ ነበር። ተራራው ለማንም አላዳላም።

አንተ ቁጥር ካላየህ እንደማታምን ስለማውቅ አስልቼልሃለሁ። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በ39 በ25 አንድ የፔዳል ዙር 3.3 ሜትር ገደማ ያስኬዳል፣ እንዲገጠምላት በማስበው በ34 በ34 ደግሞ 2.1 ሜትር። ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ለማዞር የመጀመሪያው በሰዓት ወደ 12 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይጠይቃል፣ ሁለተኛው 7.5 ብቻ። እሷና ብስክሌቷ አንድ ላይ 80 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በ10 በመቶ ዳገት ላይ ይህ ልዩነት 270 ዋት ወይም 170 ዋት ማውጣት ማለት ነው። 270 ዋትን ለረጅም ጊዜ ማውጣት የሚችል ሰው ጥቂት ነው፤ የማይችለው ዙሩን ይቀንሳል፣ ዙሩ በቀነሰ መጠን ደግሞ እያንዳንዱ እርግጫ ይከብዳል፣ ክብደቱንም ጉልበት ይሸከመዋል።

ምክርህን የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ክራንኳ፣ ማለትም ፔዳሎቹና የፊት ጥርሶቹ የሚታሰሩበት ክፍል፣ ከ38 ጥርስ በታች አይቀበልም። ከኋላ ብቻ 32 ብናስገባ 39 በ32 ከ34 በ28 ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ለውጡ ጥሩ ቢሆንም ለዚያ ዳገት የሚበቃት አይመስለኝም። እኔ ወደ 50 እና 34 ክራንክ፣ ከኋላም ትንሹ 11፣ ትልቁ 34 ጥርስ ወደሆነው ወደ 11-34 አዘነብላለሁ፤ ነገር ግን ያኔ ካምቢዮው የ39 ጥርስ ልዩነት (ከፊት 16፣ ከኋላ 23) ያህል ካቴና መሰብሰብ አለበት፣ የእሷ ደግሞ ክንዱ አጭር ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንቀይር ወይስ በኋላው እንጀምር?

ሌላም ልለምንህ። ስምህ በቡድኑ ውስጥ ዛሬም ይከበራል፣ ልጅቷም ስላንተ ሰምታለች። አንተ ራስህ በየትኛው ማርሽ ዳገት እንደምትወጣ ጻፍላት፤ ለሌሎቹም ስሙን ያወጣኸው አንተ እንደሆንክና እንዲቀር እንደምትፈልግ ንገራቸው። ከእኔ ይልቅ ካንተ ይሰሙታል። ሳምንቱ ከማለቁ በፊት ብትመልስልኝ ዕቃውን አዝዛለሁ።

ወዳጅህ