አባዬ፣ ስለዚያች ጣውላ

አባዬ፣ እንደምን ሰነበትክ? እግርህስ እንዴት ነው?

በስልክ ልጠይቅህ እችል ነበር። በስልክ ግን «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» ትልና ወዲያው ወደ ልጆቹ ታልፋለህ። እኔም ተከትዬህ አልፋለሁ። ስለዚህ ዛሬ ልጻፍልህ ብዬ ቁጭ አልኩ። አክስቴ መነጽርህን ታቀብልህ። ዓይንህ ከደከመ እሷ ታንብብልህ፤ መሃል ላይ ያለውን ግን ራስህ አንብበው።

መጀመሪያ ልጆቹ። የሚሚ ሁለቱ የፊት ጥርሶች ወለቁ። ለኔ ታደርግልኝ እንደነበረው ጣሪያ ላይ ወረወርንላት። አንደኛው ተመልሶ ወደቀና አለቀሰች። አቡሽ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ እየተማረ ነው። «ጸ» እና «ፀ» ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለምን ሁለት ሆኑ ብሎ አፋጠጠኝ። አያትህን ጠይቅ አልኩት። ጥያቄው ይደርስሃል፣ ተዘጋጅ። ቁመቱ ትከሻዬን ሊደርስ ነው። አካሄዱ ቁርጥ ያንተ ነው፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ይሄዳል። ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

አሁን ወደ እግርህ ልምጣ።

አክስቴ ራጅህን በቴሌግራም የላከችልኝ ለሊት ሥራ ላይ ነበርኩ። እንደምታውቀው ውዬ የማድረው ራጅ ሳነሳ ነው። ወድቀው የመጡ አዛውንቶች የማይገቡበት ለሊት የለም። ዳሌያቸውን ሳየው፣ ሐኪሙ አፉን ሳይከፍት ገና፣ አውቀዋለሁ። ያንተን ስከፍተው ግን ምን እያየሁ እንደሆነ ጠፋኝ። ስምህ ጥጉ ላይ ተጽፏል። እሱን ብቻ ደጋግሜ አነበብኩት።

ቀዶ ጥገናው ጥሩ ተሠርቷል። የተተካው ብረት ልክ ቦታው ላይ ነው። ይህን የምልህ እንደ ልጅ አይደለም፣ እንደ ባለሙያ ነው። ከእንግዲህ ያለው ግን በብረቱ እጅ አይደለም። እዚህ አሜሪካ በቀዶ ጥገናው ማግስት ነው ደግፈው ከአልጋ የሚያስነሷቸው። እያመማቸው፣ እየተቆጡም ቢሆን ያስነሷቸዋል። ሳይነሱ የቀሩት ምን እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ቁጥሩንም አውቀዋለሁ። እዚህ አልጽፈውም።

አክስቴ እንደነገረችኝ አራት ሳምንት ሙሉ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ነህ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሲመጣም «ዛሬ ይለፈኝ» ትለዋለህ አሉ።

ባለፈው እሁድ ይህንን ላነሳብህ ስል ቀደምከኝ። «አንተም ይብቃህ» አልከኝ። «የሁለት ልጆች አባት፣ አርባ አንድ ዓመት የሞላህ ሰው፣ አሁንም በጣውላ ላይ!» ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺ እንዳለ ሰው ቆጥረህብኝ እንዳይሆን ፈራሁ።

ስኬትቦርዱን፣ ያቺን ባለ አራት ጎማ ጣውላ፣ አልተውኩም አባዬ። የምተወውም አይመስለኝም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፣ ጠይቀኸኝ አታውቅምና። በሳምንት ሦስት ለሊት እሠራለሁ፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት። ሐሙስ ጠዋት ከሥራ ወጥቼ ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ከዚያ ቤት ገብቼ ከመተኛቴ በፊት አርባ ደቂቃ አለኝ። ቦርዱ ሁልጊዜ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አይወርድም፤ ከተለዋጭ ጎማው አጠገብ ነው። እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሾው ሰፈር ወዳለው የስኬት ሜዳ እሄዳለሁ። አሥራ አንደኛው መንገድና ሮድ አይላንድ ጎዳና የሚገናኙበት ላይ ነው። ቦታውን ታውቀዋለህ። ታክሲህን አቁመህ ቡና ትጠጣባቸው ከነበሩት የዘጠነኛው መንገድ ሐበሻ ቤቶች በእግር ይደረሳል።

በዚያ ሰዓት ሰው የለም። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ጉልበቴን ለማሟሟቅ ዝም ብዬ እነዳለሁ። ከዚያ ኦሊ። የቦርዱን ጭራ በኋላ እግርህ መሬት ላይ ትመታዋለህ፣ የፊት እግርህን ሽቅብ ታንሸራትታለህ፣ ቦርዱ ከእግርህ ሳይለይ አብሮህ ይነሳል። በአሥራ ስድስት ዓመቴ አምስት ደረጃ እዘልበት ነበር። አሁን ደረጃ አልዘልም፣ ልጆች አሉኝ። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የምታህል ከፍታ ትበቃኛለች። በእነዚያ አርባ ደቂቃዎች የማንንም አጥንት አላስብም። ለሊቱን ያየሁት ሁሉ ከዓይኔ ይጠፋል። ማታ አቡሽ ወተት ሲደፋ አልጮህበትም። ሐሙስ ያመለጠኝ ሳምንት ግን እጮሃለሁ። ባለቤቴ ይህንን ከኔ ቀድማ ነው ያወቀችው። «ሂድ» የምትለኝ እሷ ናት።

አንተ እንዲህ ያለ አርባ ደቂቃ አልነበረህም። በቀን አሥራ አራት ሰዓት ነዳህ። ቤት ስትገባ እማዬ በዓይኗ ስታየን ቴሌቪዥኑን ቀንሰን ወደ ክፍላችን እንገባ ነበር። ጨካኝ ነበርክ ማለቴ አይደለም። እንደደከመህ አሁን ይገባኛል። ግን አባዬ፣ እንፈራህ ነበር።

ሌላ ያልነገርኩህ ነገርም አለ። በመጋቢት እጄን ሰብሬ ነበር፣ ግራ አንጓዬን። ስድስት ሳምንት ጀሶ ውስጥ ነበር። በቪዲዮ ስንነጋገር ስልኩን ከፍ አድርጌ የምይዘው ለዚያ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ስትወድቅ እጅህን እንዳትዘረጋ፣ ጉልበትህን አጥፈህ በትከሻህ ተንከባለል። ስኬት የሚነዳ ልጅ ከሁሉ በፊት የሚማረው ይህንን ነው። እኔም አቡሽን ሳር ላይ ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። የዚያን ቀን ግን ከለሊት ፈረቃ ደክሜ ስወጣ እጄ ቀደመኝ። አንተ ደግሞ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በጎንህ ነው የወደቅከው፣ ዳሌህን ይዘህ። ከአወዳደቅ ሁሉ ክፉው እሱ ነው።

ይህንን ነገር ማን እንዳስጀመረኝ ታስታውሳለህ?

ሽሮ ሜዳ፣ መንግሥት የተቀየረበት ክረምት። ሰባት ዓመቴ ነበር። ከጋራዥ አራት አሮጌ ኩሽኔታ በጋዜጣ ጠቅልለህ መጣህ። በናፍጣ አጠብካቸው። ከጎረቤት ሳንቃ ለምነህ ጋሪ ሠራህልኝ። የመጀመሪያውን ቀን ብቻህን አትወርድም ብለህ ከኋላዬ ተቀመጥክ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ኩሽኔታው አስፋልቱ ላይ ሸርርር ይል ነበር። ጥርሴ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። በጫማህ ሶል ነበር ፍሬን የምትይዘው፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ከታች ስንደርስ ሳቅክ። ድምፅ አውጥተህ፣ እንባህ እስኪመጣ። እንደዚያ ስትስቅ ሁለተኛ አላየሁህም።

ለዚያ ነው በፈረንጆቹ 2000 የሆነው ነገር ያልወጣልኝ።

ፍሪደም ፕላዛ፣ ፔንሲልቬንያ ጎዳና ላይ። እኛ ፑላስኪ ነበር የምንለው። ድንጋዩ እንደ መስታወት ለስላሳ ነው። መንዳት ክልክል እንደሆነ እናውቅ ነበር፣ ግን መላው ከተማ እዚያ ይነዳ ነበር። ፖሊሱ ከሦስታችን እኔን ያዘኝ። አንተ ታክሲውን ይዘህ መጣህ። ቅጣቱን ከፈልክ፣ ዶላሩን አንድ በአንድ ቆጥረህ። ያኔ ታክሲ በሜትር ሳይሆን በዞን ነበር፤ አንድ ዞን ሄደህ የምታገኘው ስንት እንደነበር አውቃለሁ። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተናገርክም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎማዎቹ የሉም። ጣውላው ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተገጥሟል። የጫማ መደርደሪያ አድርገኸዋል። አዲስ ቀዳዳ እንኳን አልበሳህም። ትራኮቹ፣ ጎማ የሚይዙት ብረቶች፣ ይታሰሩባቸው በነበሩት ስምንት ቀዳዳዎች ነበር ብሎኖቹን ያስገባሃቸው። «ጣውላ አይጣልም» አልክ። ሌላ ምንም አልተናገርክም።

ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ጫማዬን እዚያ ላይ አስቀመጥኩ። ስምንቱን ቀዳዳዎች እየቆጠርኩ።

ምን ፈርተህ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ዲቪ ደርሶን ከመጣን ገና አራት ዓመታችን ነበር። ዜግነት አልነበረንም። የልጅህ ስም ፖሊስ መዝገብ ላይ መግባቱ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ስታስብ አድረህ ይሆናል። ያንን ብትነግረኝ ኖሮ፣ አንዴ እንኳን «ፈርቻለሁ» ብትለኝ ኖሮ፣ ጎማዎቹን እኔ ራሴ እነቅላቸው ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ትንሽ አይደለም።

እማዬ ጎማዎቹን አልጣለቻቸውም ነበር። ይህንን የምታውቅ አይመስለኝም። ከአርባዋ በኋላ ዕቃዋን ስናነሳ፣ የጥሬ ቡናው ቆርቆሮ ውስጥ አገኘኋቸው። አራት ጎማ፣ ስምንት ኩሽኔታ፣ በመሃረብ ተቋጥረው። ኩሽኔታዎቹን አንተ ስታጥብ እንዳየሁህ አጠብኳቸው። ከስምንቱ ስድስቱ ይዞራሉ። አሁን አቡሽ ቦርድ ላይ ናቸው።

አዎ፣ አቡሽም ይነዳል። ራስ ቁርና የጉልበት መከላከያ ሳያደርግ አይወጣም፣ አትስጋ። ባለፈው አዲስ አበባ ስንመጣ «ገበያ ደርሰን እንመጣለን» ያልንህ ቀን ገበያ አልሄድንም። በ2016 በፈረንጆቹ፣ በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበው የሠሩት የስኬት ሜዳ እዚያው አንተ ያለህበት ከተማ ውስጥ አለ። እዚያ ነበርን። ሴቶች ልጆችም ይነዱ ነበር። አንዱን ቦርድ ለሦስት ለአራት እየተቀባበሉ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እጁን እየዘረጋ። አቡሽ ተራ ይዞ ሲጠብቅ ሳየው ልጠራህ ፈልጌ ነበር። ስልኩን አውጥቼ መለስኩት።

የሕፃን ጨዋታ ነው ትላለህ። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ አንዲ ማክዶናልድ የሚባል ሰው በ51 ዓመቱ ለብሪታንያ በስኬትቦርድ ተወዳድሯል። አብረውት የተሰለፉት ልጆቹ የሚሆኑ ነበሩ። ዝነኛውን የስኬት ነጂ ቶኒ ሃውክን ደግሞ ፎቶውን ክፍሌ ግድግዳ ላይ አይተኸዋል። ማን ነው ይህ ቀጫጫ ብለህ ነበር። በመጋቢት 2022፣ በ53 ዓመቱ፣ የጭኑን አጥንት ሰበረ። ይኸው ያንተ አጥንት ነው፣ ሰበራው ትንሽ ወረድ ቢልም። በዚያው ወር መጨረሻ በከዘራ እየተደገፈ ኦስካር መድረክ ላይ ወጣ። ቀላል ሆኖለት አልነበረም፣ በኋላም አሰቃይቶታል። ግን ከዘራውን ይዞ ቆመ። እኔ የምለምንህ ይህችን ያህል ነው።

ጀሶው የተፈታልኝ ቀን ሜዳ አልሄድኩም። ፈርቼ ነበር። ቦርዱን ሳሎን ምንጣፍ ላይ አስቀመጥኩት፤ ምንጣፍ ላይ ጎማው አይሄድም። ጠረጴዛ ይዤ ወጣሁበትና ቆምኩ። ብቻ ቆምኩ። ሚሚ መጥታ እግሬን ያዘችኝ። በማግስቱም እንደዚያው። ሦስተኛው ቀን ነው ጠረጴዛውን የለቀቅኩት።

አንተም እንደዚያ አድርግ። አክስቴ ቡና ስታፈላ ዎከሩን ይዘህ ተነስ። አቦሉ ተቀድቶ እስኪያልቅ ቁም፣ ከዚያ ተቀመጥ። በሳምንቱ ቶናው ላይም ቁም። ባለሙያውን «ይለፈኝ» አትበለው፣ ሂሳቡን ከፍዬዋለሁ። በርጩማ ላይ በፍጹም እንዳትቀመጥ፣ ዝቅ ያለ ነገር ሁሉ ክልክል ነው። እግርህን አታነባብር። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት ይተከል፣ ለአክስቴ ገንዘቡን ልኬያለሁ። ያቺን የምታንሸራትት ነጠላ ጫማ ጣሏት። ሦስተኛ ፎቅ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም እንዴት እንደምትወርድ አስቤበታለሁ። በኅዳር እመጣለሁ። ቀድሜ መምጣት ነበረብኝ፣ ፈቃድ አልሰጡኝም። ይህንንም በስልክ መናገር ስላቃተኝ ነው እዚህ የጻፍኩት። ይቅር በለኝ። ስመጣ ደረጃውን አብረን እንወርዳለን፣ እኔ ከፊት ሆኜ፣ አንተ ትከሻዬን ይዘህ። እስከዚያ ግን ቆመህ ጠብቀኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አክስቴ የዛሬ ሳምንት በላከችልኝ ቪዲዮ ላይ ከኋላህ በሩ ይታያል። ከበሩ አጠገብ ዝቅ ብሎ ጫማ የተደረደረበት ጣውላ አለ። ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ ቀና ያሉ ናቸው። ቪዲዮውን አቁሜ አጉልቼ አየሁት። ጫማ ስለሸፈነው ቀዳዳዎቹን መቁጠር አልቻልኩም። እዚህ ያለውን ቤት ለቀህ ስትሄድ ሁለት ሻንጣ ብቻ ነበር የያዝከው።

እሱ ነው እንዴ አባዬ?

እሱ ከሆነም ጫማህን ከዚያ ላይ ለማንሳት ጎንበስ እንዳትል። አክስቴ ታቀብልህ።

ልጅህ