ሮምኒን እምነቱ ዋጋ ያስከፈለው መቼ ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ስለ ሃይማኖትና ስለ አሜሪካ ምርጫ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ የሪፐብሊካን ፓርቲ እጩው ሚት ሮምኒ በ2012 የፕሬዚዳንት ምርጫ በባራክ ኦባማ የተሸነፈው ሞርሞን፣ ማለትም አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተች የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ተከታይ፣ ስለሆነ ነው የሚል አነበብኩ (ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ይሄ ልክ አይደለም። አይቼ ማለፍ ያቃተኝ ደግሞ ያኔ እኔም በዚሁ ጉዳይ የተሳሳትኩ ሰው ስለሆንኩ ነው።

በዚያ ምርጫ ከነጭ ወንጌላውያን መራጮች 79 በመቶው ድምፁን የሰጠው ለሮምኒ ነው። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል ያወጣው ቁጥር ነው። በ2004 ለጆርጅ ቡሽ የሰጡትም ያንኑ ያህል ነበር። ሞርሞን አይመርጡም የተባሉት ሰዎች ቀኑ ሲደርስ መረጡት።

እምነቱ አልጎዳውም እያልኩ አይደለም። ጎድቶታል፤ ግን ቀደም ብሎ፣ በራሱ ፓርቲ ውስጥ በነበረው ፉክክር ነው። በ2007 ዲሴምበር ላይ ቴክሳስ ድረስ ሄዶ፣ በአባት ቡሽ ስም በተሰየመው ቤተ መጻሕፍት ስለ እምነቱ ንግግር አደረገ። ጆን ኬኔዲ በ1960 ሂውስተን ላይ በፕሮቴስታንት ፓስተሮች ፊት ቆሞ ካቶሊክነቱን እንዳስረዳው ዓይነት ነው። ሮምኒ ግን በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ "ሞርሞን" የሚለውን ቃል ያነሳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰው የገዛ እምነቱን ስም ለመጥራት እንዲህ ሲጠነቀቅ ማየት ያሳዝናል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተፎካካሪው ማይክ ሃካቢ፣ የቀድሞ የባፕቲስት ፓስተር ነው፣ "ሞርሞኖች ኢየሱስና ሰይጣን ወንድማማቾች ናቸው ብለው ያምኑ የለም እንዴ?" ብሎ ጋዜጠኛ ፊት መጠየቁ ተሰማ። ይቅርታ ጠይቋል፤ ወሬው ግን ተሰራጭቶ ነበር። በጃንዋሪ ወንጌላውያን በብዛት በወጡበት በአዮዋ ግዛት የፓርቲው ምርጫ ያሸነፈው ሃካቢ ነው።

በ2011 ደግሞ ሮበርት ጄፍረስ የተባሉ የዳላስ ፓስተር ሞርሞንነት ክርስትና ሳይሆን ካልት (ከእውነተኛው እምነት ያፈነገጠ ቡድን) ነው ብለው በይፋ ተናገሩ። በዓመቱ ውድድሩ በሮምኒና በኦባማ መካከል ሲሆን እኚሁ ፓስተር ሮምኒን ደገፉ። በኦክቶበር 2012 ሮምኒ ታዋቂውን የወንጌላውያን ሰባኪ ቢሊ ግራሃምን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ካገኛቸው በኋላም የግራሃም ድርጅት ሞርሞንን ካልት ብሎ ይዘረዝር የነበረበትን ገጽ ከድረ ገጹ አነሳው። የሞርሞኖች ትምህርት በዚያ ዓመት ምንም አልተለወጠም። የተለወጠው ምርጫው መድረሱ ነው።

እኛም ጋ ብዙ የተለየ ነገር አልነበረም። እዚህ ቨርጂኒያ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ እየጠጣን ወሬው ሲነሳ "አራት አምስት ሚስት የሚያገቡት አይደሉም እንዴ?" ይባል ነበር። እኔም ሳላጣራ ለሌላ ሰው ደግሜዋለሁ። ቤተ ክርስቲያናቸው ከአንድ በላይ ማግባትን እንደሚያቆም ያወጀው በ1890 ነው። ሮምኒ ከ1969 ጀምሮ ከአንዲት ሚስቱ ጋር ነው የሚኖረው።

እኔ የመረጥኩት ኦባማን ነው፤ ዛሬም ቢሆን እሱኑ እመርጥ ነበር። እንደ ጥቁር ሰው ልጠይቀው የሚገባኝ ጥያቄም ነበረኝ፤ እስከ 1978 ድረስ ያች ቤተ ክርስቲያን ለጥቁሮች ክህነት አትሰጥም ነበር። ሮምኒ ይህን በ2007 ተጠይቆ ነበር። ክልከላው መነሳቱን መኪና እየነዳ በሬዲዮ ሲሰማ ጥግ ይዞ ቆሞ እንዳለቀሰ ተናገረ። መልሱ በቂ ነው አይደለም እያንዳንዱ ሰው ይፍረድ። ቢያንስ ግን የሚስቱን ብዛት ከመጠየቅ ይሻላል።

በኋላ የደረስኩበት ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ ነካኝ። ሞርሞኖች በወር አንዴ፣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው እሑድ፣ ሁለት ጊዜ ሳይበሉ ይጾሙና የዚያን ምግብ ገንዘብ ለድሆች ይሰጣሉ። በጃንዋሪ 1985፣ በእኛ ጥር 1977 መሆኑ ነው፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉት አባላት የኢትዮጵያን ረሃብ አይተው የተለየ ጾም ያዙ፤ በዚያ አንድ ቀን ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ፤ ገንዘቡም በሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች በኩል ደረሰ። እኔ ያኔ ደሴ ልጅ ነበርኩ። ከየገጠሩ እየመጣ መንገድ ዳር የተኛው ሰው ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። ትምህርታቸውን አልቀበልም፤ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ በሥላሴ ትምህርት አንገናኝም። ለእኛ ረሃብ የጾሙ ሰዎችን ግን ሳላውቃቸው አምቻቸዋለሁ፤ ይሄ ይቆጨኛል።

ለዚህ ነው ስለ እጩ እምነት ስንነጋገር ሰውዬው ምን ያምናል በሚለው ብቻ መቆም የሌለብን። እምነቱ ምን ያሠራዋል? ሮምኒ ላይ ይሄ የታየው በ2012 ሳይሆን በ2020 ነው። ያኔ የዩታ ሴናተር ነበር። ፌብሩዋሪ 5 ቀን፣ ሴኔቱ በፕሬዚዳንት ትራምፕ ላይ በያዘው ችሎት፣ ሥልጣኑን ያላግባብ ተጠቅሟል በሚለው ክስ ጥፋተኛ ነው ብሎ ድምፅ ሰጠ። በራሱ ፓርቲ ፕሬዚዳንት ላይ እንዲህ ያደረገ የመጀመሪያው ሴናተር ነው። ሃይማኖተኛ ሰው መሆኑን፣ በእግዚአብሔር ፊት መማሉንና መሐላው እንደሚከብደው ሲናገር ሲቃ ይይዘው ነበር። በማግስቱ ትራምፕ በብሔራዊው የጸሎት ቁርስ ላይ ቆመው እምነታቸውን ለጥፋት ሰበብ የሚያደርጉ ሰዎችን እንደማይወዱ ተናገሩ። በ2021 የዩታ ሪፐብሊካኖች ጉባኤያቸው ላይ ጮኹበት፤ በ2023 ደግሞ ከእንግዲህ እንደማይወዳደር አስታወቀ።

ጽሑፋችሁ 2012ን ብቻ ነው ያነሳው። በሚቀጥለው እትማችሁ 2020ንም እንድትጨምሩበት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ