ስለ አውቶማቲክ የብስክሌት ማቆሚያ፦ ከስብሰባችን በፊት

ውድ አባላት፣

ስለ አውቶማቲክ የብስክሌት ማቆሚያ የምንወያይበት ቀን ስለደረሰ ጥቂት ነገር አስቀድሜ ልበላችሁ።

ብዙ የሚወራለት የጃፓኑ ጊከን ኩባንያ የሠራው ኢኮ ሳይክል ነው። ከመሬት በላይ የሚታየው መግቢያው ብቻ ነው፤ ዋናው ነገር 11 ሜትር ገደማ ወደ ታች የወረደው ክብ ጉድጓድ ነው፣ 204 ብስክሌት ይይዛል። ባለቤቱ የፊት ጎማውን መግቢያው ላይ ያስገባና ቁልፍ ይጫናል። ማሽኑ ብስክሌቱን ስቦ በአሳንሰር ያወርደውና ባዶ መደርደሪያ ላይ ይሰቅለዋል። ሲመለስ ካርዱን ያስነካል፤ በአማካይ በ13 ሰከንድ ገደማ ብስክሌቱ ብቅ ይላል። ዝናብ አይነካው፣ ሌባ አይደርስበት።

እኔን የሚከነክነኝ ሰልፉ ነው። ባቡር ደርሶ 100 ሰው አንድ ላይ ቢወርድ፣ አንድ ማሽን ሁሉንም ለማስተናገድ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። በኔዘርላንድስ ዩትሬክት ባቡር ጣቢያ ሥር በ2019 የተጠናቀቀው ማቆሚያ 12,500 ብስክሌት ይይዛል፣ ግን ሮቦት የለውም። ሰዉ እየነዳ ይገባል፣ ባዶ ቦታ ያለበትን ረድፍ ምልክት ያሳየዋል፣ የመጀመሪያው 24 ሰዓት ደግሞ ነፃ ነው። ለትልቅ ጣቢያ ይሄኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ጉድጓዱ መሬት ለጠበበበትና ሰው ተበታትኖ ለሚመጣበት ቦታ ይሁን። (የጥገናው ወጪ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።)

ለሁለቱም ግን እስከ በሩ የሚያደርስ፣ ከመኪና የተለየ የብስክሌት መንገድ ያስፈልጋል። ማቆሚያውም መንገዱም የት እንደሚያስፈልግ እንድናይ፣ ስትመጡ ብስክሌት አጥርና ምሰሶ ላይ የሚታሰርባቸውን ቦታዎች ልብ ብላችሁ ኑ፤ ፎቶ ያላችሁም አምጡልን።