ሁለቱ ወርቆች አይመሳሰሉም

ይድረስ ለስፖርት ዓምድ አዘጋጅ፤

ቼካዊቷ ኤስተር ሌደትስካ እ.ኤ.አ. በ2018 በፒዮንግቻንግ የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ያገኘቻቸው ሁለት ወርቆች ሁልጊዜ ተደምረው ይታለፋሉ። የመጀመሪያው፣ ሱፐር ጂ፣ በሁለት ስኪ (በየእግሩ በሚታሰሩ የበረዶ መንሸራተቻዎች) ቁልቁለቱን አንዴ ብቻ የሚወረድ፣ ከሰዓት ጋር የሚደረግ ውድድር ነው፤ ኦስትሪያዊቷን አና ፋይትን የቀደመቻት በ0.01 ሰከንድ ነበር። ከሳምንት በኋላ በስኖውቦርድ (በአንድ የበረዶ ሰሌዳ) ያሸነፈችው ፓራለል ጃይንት ስላሎም ግን ሌላ ሙያ ነው። በማጣሪያው ሰዓት 16 ሴቶች ይለያሉ፤ ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው በቀይና በሰማያዊ መስመር ይወርዳሉ፣ የተሸነፈች ትሰናበታለች። ሁለቱም እግሮች በጠንካራ ጫማ ከአንድ ረጅምና ጠባብ ሰሌዳ ጋር ይታሰራሉ። የሰውነት ክብደት ወደ ኋላ ካዘነበለ የሰሌዳው የብረት ጠርዝ በረዶውን ይለቃል፤ ቀጣዩ በር፣ ማለትም ዞረው የሚያልፉት ምልክት፣ ላይ መዘግየት አይቀርም (ብዙዎች የሚሸነፉት እዚህ ነው)። በ2022 ቤጂንግ ላይ የደገመችው የሰሌዳውን ወርቅ ነው፤ በሱፐር ጂ አምስተኛ ወጣች።

አንድ አንባቢ