ቀዶ ሕክምናው የስኳር ክትትልን አያስቀርም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና «ስኳርን ያድናል» የሚለው አባባል በእኛም በጅማ ሲነገር ስለምሰማ ይህን ጻፍኩ።

ጨጓራን አሳንሶ ከመካከለኛው የትንሹ አንጀት ክፍል ጋር ከሚያገናኘው ቀዶ ሕክምና በኋላ ምግቡ ወደ አንጀት ፈጥኖ ስለሚደርስ፣ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያነሳሳው ጂኤልፒ-1 የተባለ ሆርሞን ከምግብ በኋላ በብዛት ይመነጫል፤ ይህም ለውጥ ክብደቱ ገና ብዙም ሳይቀንስ ጀምሮ ለዓመታት ሲቀጥል ታይቷል። ሆኖም ሆርሞኑ ከፍ ብሎ መቆየቱ ብቻውን ስኳሩ እንዳይመለስ ዋስትና አይሆንም፤ በተለይ በሽታው ብዙ ዓመት የቆየበትና ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ቆሽቱ ስለተዳከመ የሚያገኘው ጥቅም ያነሰ ነው። በአሜሪካ በ150 ሕሙማን ላይ ተጀምሮ የ5 ዓመት ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው 6 በመቶና ከዚያ በታች የሆነላቸው በዚህ ቀዶ ሕክምና 29 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ደግሞ 5 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ እጅግ ትልቅ ነው፤ ፈውስ ብሎ መጥራት ግን አይቻልም።

ቀዶ ሕክምናውን ሌላ ቦታ አድርገው ወደ ጅማ ወይም ወደ አጋሮ የሚመለሱ ወገኖች የስኳር ምርመራቸውን፣ የቫይታሚን ቢ12 እና የአይረን ክትትላቸውን ዕድሜ ልክ እንዲቀጥሉ ሐኪሞቻቸው አስቀድመው በግልጽ ይንገሯቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከጅማ