ያሸነፈው ፕሮግራሙ ነው ወይስ ማሽኑ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የኮምፒውተር ቼዝ ዜና ስታወጡ ደስ ይለኛል። ግን ሁሌም አንድ ነገር ይጎድለዋል። ማን እንዳሸነፈ ትነግሩናላችሁ፤ በምን ማሽን እንዳሸነፈ አትነግሩንም።

ባለፈው ቅዳሜ ቤት ውስጥ ሞከርኩት። ስቶክፊሽ የተባለውን የቼዝ ፕሮግራም፣ አንድ ዓይነቱን፣ በእኔ አሮጌ ላፕቶፕና ወንድሜ ለጌም በገዛው ኮምፒውተር ላይ ጫንኩ። ንግሥትን መስዋዕት አድርገው የሚያሸንፉበትን አንድ አቋም ሰጠኋቸው። የወንድሜ ገና ሳልቀመጥ አገኘው። የእኔው ግን ማራገቢያው እየጮኸ፣ አቦሉ እስኪቀዳ ድረስ ሌላ እንቅስቃሴ ላይ ሙጭጭ ብሎ ቀረ። ሰዓት ተይዞ ቢጋጠሙ የእኔው ይሸነፋል። ፕሮግራሙ ግን ያው አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ በተካሄደው የዓለም የኮምፒውተር ቼዝ ሻምፒዮና ሪብካ የተባለው ፕሮግራም 40 ኮር (የፕሮሰሰር አስሊ ክፍል) ይዞ ቀረበ። በዓመቱ ፓምፕሎና ላይ ከ8 ኮር በላይ ተከለከለ። ሪብካ በ8 ኮርም አሸነፈ። (በ2011 ኮድ ገልብጧል ተብሎ ማዕረጎቹን ተነጠቀ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) ገደቡ ግን አልዘለቀም።

ትልቅ ማሽን ያለው ሁሌ ያሸንፋል አልልም። በ1995 ሆንግ ኮንግ ላይ ፍሪትዝ የተባለው ፕሮግራም በተራ ፔንቲየም ኮምፒውተር የአይቢኤምን የቼዝ ማሽን፣ የዲፕ ብሉን የሙከራ ሥሪት፣ ረትቶ ሻምፒዮን ሆኗል። ያ ድል እስከ ዛሬ የሚወራው ማን በምን እንደተጫወተ ስለምናውቅ ነው።

እኔን እስካሁን የሚቆጨኝ የ2017ቱ ግጥሚያ ነው። የጉግሉ ፕሮግራም አልፋዜሮ ከስቶክፊሽ ጋር 100 ጊዜ ገጥሞ 28 አሸነፈ፣ 72 አቻ ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም። ዓለም ጉድ አለ። አልፋዜሮ የተጫወተው ግን ጉግል ለዚሁ ዓይነት ስሌት በሠራቸው 4 ልዩ ቺፖች ነው። ስቶክፊሽ 64 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የስሌት መስመር) ተሰጠው፤ ያሰላቸውን አቋሞች የሚያኖርበት ሚሞሪ ግን 1 ጊጋባይት ብቻ ነበር። የአንድ አውድማ ምርት በአንድ አቁማዳ ጫን እንደማለት ነው። ሰዓቱም ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ 1 ደቂቃ ነበር። ስቶክፊሽ ደግሞ ሰዓቱን ራሱ እያብቃቃ እንዲጫወት የተሠራ ነው። በዓመቱ በወጣው ጥናት ሚሞሪው 32 ጊጋባይት ሆነ፤ ሰዓቱም ተስተካከለ። አልፋዜሮ ከ1,000 ጨዋታ 155 አሸንፎ 6 ተሸነፈ። ብልጫው እውነት ነበር፤ የመጀመሪያው ዜና ያወራውን ያህል ግን አልነበረም።

አንዱ ፕሮሰሰር፣ ሌላው ግራፊክስ ካርድ ሲፈልግ እኩል ማድረግ ከባድ ነው። ለእኔ የማሽኖቹን ዋጋ ወይም የሚበሉትን መብራት ማቀራረብ ይሻላል። ያሻውን ማሽን ይዞ የሚመጣ ይምጣ፤ ግን የእሱ ውድድር ሌላ ስም ይኑረው። «ምርጡ ፕሮግራም» የሚለው ማዕረግ በእኩል ማሽን ለተጫወቱት ይቆይ።

እናንተም በሚቀጥለው ዜናችሁ ከአሸናፊው ስም ቀጥሎ ስንት ኮር፣ ምን ካርድ፣ ምን ያህል ሚሞሪና ስንት ሰዓት እንደነበረው ጻፉልን። አንድ መስመር ይበቃል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ